ጫፉን ቅበሩት

ከማሳፊ ወርዶ፣ ፉጀይራ ሳይደረስ፣
ዋዲ አለ ዓመቱን ድንጋይ የሚያፈስስ።
ሥራችን በሌት ነው፤ ቀን ብረቱ ሲግል
ጓንቱን ዘልቆ ገብቶ መዳፍ ይጠብሳል።

ትራፓኑን ይዤ ኮንክሪት እበሳለሁ፣
ቀዳዳውን ደግሞ በቱቦ እነፋለሁ፤
አቧራው ካልወጣ ማጣበቂያው የሚይዘው
ኮንክሪቱን ሳይሆን አቧራውን ነው።
ቡሎኑ ሲያዩት የቆመ ይመስላል፤
ውሸቱን አንድ ቀን መኪና ያወጣል።

ጉላም ግን፣ አለቃችን፣ የፔሻዋሩ ሰው፣
ቡሎን አያስፈራው፤ ጫፍ ነው የሚያስፈራው።
«መሐሉ ደግ ነው» ይላል ጢሙን እያሸ፣
«ብረት ሁሉ መሐል ላይ ደግ ነው።
ለኛ መጨረሻ፣ ለሚመጣው ሰው ግን መጀመሪያ ነው ጫፉ።
እዚያ ላይ ነው ክፉ።»

አምና በረመዳን፣ ከዚሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣
ጫፉ እንደ ጦር ቀንቶ የተተወ ነበር።
ቲማቲም የጫነች ፒካፕ መጣች።
ብረቱ በፊት መብራቷ ገብቶ በኋላ ወጣ።
እኛን የጠሩን ቀዩን እንድንጠርግ ነው፤
የቱ ቲማቲም እንደሆነ አልጠየቅንም።
ፍሬኑ ሥር አንድ ነጠላ ጫማ ነበር።

ስለዚህ ከመንገዱ ወደ ጎን እናሸሸው፣
እስከ ተራራው ግርጌ ቀስ እያልን እንምራው፤
ዝቅ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ መኪና ይጋልበዋል፤
መጀመሪያ ይሽሽ፣ ከዚያ ይቀበር፣
ሲሚንቶው ይጫነው፣
አፉን ለመንገደኛ እንዳይከፍት።

«ምንድን ነው ሥራህ?» አለችኝ ዘምዘም ከሐርቡ ደውላ።
«ጫፍ እቀብራለሁ።»
ዝም አለች። «ሬሳ ነው እንዴ?»
«አይ፣ ሬሳ እንዳይቀበር ነው።»
ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ፣
ካርዱ ይሁን ሌላ፣ አላወቅኩም።

ዓርብ ንጋት ላይ አንድ አውቶቡስ ታክኮት አልፏል።
ቢጫ ቀለም ትቷል፣ ሁለት ክንድ ያህል።
አንዱ ቋሚ ጎብጧል፤
ዳዶው ግን ካሰርኩበት ንቅንቅ አላለም።
ማንም አልቆመም። ለምን ይቆማል?
ምናልባት አንዱ ነቅቶ፣ «ምን ነካን?» ብሎ፣
መልሶ ተኝቷል።

ቢሽኑ በጠመኔ ምልክት አደረገ፦
አንድ ቋሚ፣ የሚለወጥ።
እኔ ቀለሙን በአውራ ጣቴ ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣
ጥፍሬ ሥር የገባውን ቢጫ
እስከ ካምፕ ድረስ ሳልታጠበው ሄድኩ።