ያልተመዘነው

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሚዛን ፊት ቆሜ፣
የሰው ቲማቲም ስመዝን አለቀብኝ ዕድሜ።
ከመቂ፣ ከቆቃ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣
ሌሊት አዳማ ሲገባ፣ በአቧራ ተከድኖ፣
«ይሄ ይለፍ»፣ «ይሄ ይውጣ»፤ ይኼ ነበር ቃሌ፤
ስንጥቅና ጎባጣ ሲያይ አይታገሥም አመሌ።

ጡረታ ስወጣ፣ እንደ መሸኛ ሽልማት፣
አሮጌዋን ሚዛን ሰጡኝ፣ ዝገት የነከሳት፤
ከበሩ ኋላ አቆምኳት፣ ዣንጥላ ሰቅዬባት።

ዲንቂቱ ጎረቤቴ፣ በአጥር ቀዳዳ ጠርታ፣
ዘጠኝ ፍሬ ዘር ሰጠችኝ፣ በመድኃኒት ቤት ፖስታ።
«አንዱ ብቻውን ቂጣ ያህላል፤ ልጄ ናት የላከችው፤
ውሃው ትንሽ፣ ሥጋው ብዙ፤ እንደ ሙዳ ነው የሚቆረጠው።»
ሳቅሁባት። ስንት ሺህ ኩንታል ባለፈበት እጄ፣
ቂጣ የሚያህል ቲማቲም? «ተይ እስቲ» አልኳት፣ «ወዳጄ።»

ግን ዘራሁት። የዘይት ጀሪካን ወገቡን ቆርጬ፣
አመድ መሳዩን አፈር ከዶሮ ኩስ ደባልቄ፣ በጣቴ ፈርፍሬ።
ስድስቱ በቀሉ፤ ሁለቱን ፍየል በላ፤
አንዱን የመጋቢት ፀሐይ ጠበሰው፤ ሦስት ቀረኝ ከዚያ በኋላ።

ከጋራው ላይ፣ ነጫጭ ክንፍ አዙሮ መብራት የሚሆን ነፋስ
እኔ ጓሮ ሲደርስ፣ ሥራው ቅርንጫፍ መበጠስ።
በባሕር ዛፍ ደገፍኳቸው። ለማሰሪያ ገመድ ሳጣ፣
ሟች ባለቤቴ የገዛችልኝ ከረባት ከቁም ሣጥን ወጣ፤
አንቆ ይገድለኛል ብዬ ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት፣
ለቲማቲም አንገት፣ ላላ አድርጌ አሰርኩት።

ከብብታቸው የሚወጣውን ሰርጎ ገብ ቡቃያ ስቀጥፍ፣
አረንጓዴ ሽታው እጄ ላይ ያድራል፤ በሳሙናም አያልፍ።

አንዱ ፍሬ ተለየ። መጀመሪያ የሕፃን ጡጫ፣ ቀጥሎ የጎረምሳ፣
ከዚያ ሻኛ አበቀለ፤ ጎኑ ጎበጠ፤ ሆዱ ተነሣ።
በድሮው ቋንቋዬ፣ «ይውጣ» የሚባል ነበር፤
እኔ ግን «እንደምን አደርክ» ሳልለው አልወጣም ነበር ከበር።
የዲንቂቱ የልጅ ልጅ፣ ሌንሴ፣ በአጥሩ ታሾልቃለች፤
«አባባ፣ መቼ ነው የሚቀላው?»
«ነገ።»
በነጋታው መጥታ፣ «ነገ ብለኸኝ ነበር» ትላለች።

ከዚያ ቧንቧው ጠፋ። አንድ ቀን። አራት። ዘጠኝ።
በጋሪ የመጣ ውሃ ብገዛ ለሻይም አልበቃኝ፤
ፊቴን የታጠብኩበትን ለሱ ሰጠሁት፤ እሱም አልናቀኝ።
በአሥረኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቧንቧው አስነጠሰ፤
በባዶ እግሬ ሮጥኩ፤ ባልዲ በባልዲ ላይ ፈሰሰ።
«ጠጣ» አልኩት፣ «ጠጣ፣ ይኸው መጣልህ፤
ግራም ሳላስቀር የኖርኩ ሰው፣ ልኩን ረሳሁልህ።»

ጠዋት ተሰንጥቋል። ከትከሻው እስከ እምብርቱ፣
ሳቅ ይሁን ቁስል አልለየሁም፤ ወገግ ብሎ ቀዩ አንጀቱ።
ዘጠኝ ቀን ጥም የቻለ፣ ያንድ ሌሊት ደግነቴን አልቻለም።
ቆሜ አየሁት። አፌ ላይ የድሮው «ይውጣ» መጣ፤
አልወጣም።

ዲንቂቱ ቢላና ጨው፣ ሌንሴ ዳቦ ይዘው መጡ።
አንዱ ቁራጭ ዳቦውን ሸፈነው፣ ከዳር እስከ ዳር፤
ጠረኑ — ፀሐይ የበላው አፈር ላይ የመጀመሪያ ጠብታ ሲያርፍ፣
እንደዚያ ያለ ነገር።
ጭማቂው በሌንሴ ክርን ወርዶ ቀሚሷ ላይ ደረሰ፤
ዲንቂቱ ልትቆጣት ስትል፣ የራሷም አገጭ ራሰ።

«ስንት ኪሎ ይሆን ነበር?» አለችኝ፣ ዓይኗን ጥላ
ወደ ሚዛኗ፣ ዣንጥላዬን ወደ ተሸከመችው፣ ከበሩ ኋላ።
«እንጃ» አልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ቃል አያውቀውም አፌ።
ከካላንደሩ የሰኔን ገጽ ገንጥዬ፣ ዘሩን ከነዝልግልጉ አሰጣሁት፣
ነፋሱ እንዳይወስድብኝ
የሁለት ኪሎውን ብረት ዳሩ ላይ አሳርፌ።