የኔስታ ጥሎሽ

ደቡብ ዌልስ፤ ሮንዳ፤ የከሰል ሸለቆ፣
ሰማዩ እንደ ጀሶ ከጣሪያ ተጣብቆ።
እኔ አሥራ ስድስቴ፣ አሠሪዬ ኤምሪስ፣
እሱ ጥርስ ሲደረድር እኔ ጀሶ ስለውስ።

በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካ ነበር፣
የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ሲያጎብጥ የሚያድር።
«ያው አክሪሊክ ነው» ይለኛል፤ «ያኔ ሰማይ አሳየ፤
ዛሬ ሮዝ ቀለም ነክረነው ከሥጋ ድድ አልተለየ።»

ሰኞ ከሐኪሙ ቤት የኔስታ አፍ መጣ፣
በጀሶ ተቀርጾ፣ ነጭ፣ ምላስ ያጣ።
ሃያ ስምንት ጥርስ። ቆጠርኩት። ጉድፍ የሌለው።
«ምኗን አሟት?» አልኩት።
«አላመማትም» አለ፤ «ጥሎሽ ነው።
ባሏ ነገ ከነገ ወዲያ ለሐኪም ገንዘብ እንዳያፈስ፣
አባቷ ዛሬ ከፍሎላት ይነቀላል ሁሉም ጥርስ።»

ቅዳሜ ሠርግ ነው።

ቢላ ሰጠኝ። እውነተኛው ገና አፏ ውስጥ ሳለ፣
እኔ ከጀሶው ቆረጥኩት፣ አንድ በአንድ። ኤምሪስ ዝም አለ።

በሰም ድድ ቀረጸ፣ ጥርስ ሰካበት በተራ፣
ከናስ ሣጥን፣ ጀሶ ውስጥ፣ ቀበረው እንደ አደራ።
በፈላ ውሃ አጠብኩት፤ ሰሙ ቀልጦ ወረደ፣
የቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ ወርቁ ገና አልተወለደ።

ከዱቄቱ ሦስት እጅ፣ ከፈሳሹ አንድ እጅ፤
ሽታው አፍንጫ ይሰብራል፤ ከፈትን መስኮትና ደጅ።
መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ፤
ከዚያ እንደ ማር በክር ይሳባል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲጠብቅ
ሊጥ ይሆናል፣ ለስላሳ፣ ከጣት የማይጣበቅ።
«አሁን!» ይላል ኤምሪስ።
ካለፈ ላስቲክ ነው፤ ከቅርጽ ጋር አይታረቅ።

እንደ ደም ሥር የቀጠነ ቀይ ክር አለበት፣
ጠጋ ብሎ ያየ ሙሽራ ሥጋ ነው እንዲልበት።

ውስጡን ምን እንደሚሆን አንድ ማታ ነገረኝ፦
«ፈሳሹ ብዙ ብቸኛ ነው፤ ክንዱን አጥፎ የተቀመጠ።
ፐርኦክሳይዱ በሙቀት ተሰብሮ አንዱን ይጎነትላል፤
የተጎነተለው ክንዱን ዘርግቶ የጎረቤቱን ይይዛል፤
ያም የቀጣዩን፣ ያም የቀጣዩን፣ ሺህ ሆነው ሰንሰለት።
መያያዝ ማለት ደግሞ መጠጋጋት ማለት፤
ስለዚህ ይኮማተራል፤ ያንሳል ከነበረበት።»
«እንደ ባልና ሚስት» አልኩ።
አልሳቀም።

ረቡዕ ማታ ቸኮልኩ። ውሃውን ቶሎ አፈላሁት፤
ሊጡ ሲያያዝ ራሱም ይሞቃል፤ ያንን ረሳሁት።
ያልተያያዘው ፈሳሽ ከውስጥ ተንተክትኮ ፈላ፤
ሣጥኑን ስንከፍት፣ ድዱ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ።
አልጮኸብኝም ኤምሪስ። አዲስ ሰም አሞቀ።
«ሰባ ዲግሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ» አለ፤ ምድጃው ሥር ወደቀ፣
እንደ ውሻ ተጠቅልሎ፣ ቴርሞሜትሩን እየጠበቀ።

ዓርብ ጠዋት ሞረድነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትን፤
ውሃ ይጠጣ፣ የተረፈው ፈሳሽ ይውጣ፣ ድዷን እንዳይልጣት ፈራን።

ከሰዓት መጣች፣ ጥጥ እንደነከሰች፣ ጉንጯ አብጦ።
ኤምሪስ መከራት፣ ሞረዱን በመዳፉ ጨብጦ፦
«በፈላ ውሃ አትጠቢው፤ ይጣመማል። አልኮል አይንካው፤ ይሰነጣጠቃል።
ማታ ማታ አውጥተሽ ውሃ ውስጥ ይደር፤ ከደረቀ ቅርጹ ይለቃል።»
«ማታ ማታ?» አለች ኔስታ፣ ቃሉ በጥጡ ታፍኖ፤
«እሱ እያየ?»
ኤምሪስ ሞረዱን አየ፣ መልስ ያለበት መስሎት ይሆን ወይ ደንግጦ፣ አላውቅም።

ቅዳሜ ከጸሎት ቤቱ በር ፈገግ አለች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።
እጄን ኪሴ ከተትኩ።
የክብሪት ቀፎ አለ፤ ሃያ ስምንት የጀሶ ጥርስ፤ ጣቴ በቀስታ ዳሰሰ፤
ከመሐላቸው አንዱ፣ የፊቱ፣ እየተፈረፈረ ነበር።