ወደብ ሃያ ሁለት

ከሲሚንቶ ሱቁ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል
አሮጌ ኮምፒዩተር ከጡብ ላይ ስተክል፣
የነሐሴ ዝናም ቆርቆሮ እየመታ፣
ጣና ከመስኮቴ ጠፋ ለአንድ አፍታ።
«ዕቃ ቤት» አልኩና ስም አወጣሁለት፣
ባትሪ አስደገፍኩት መብራት ሲጠፋበት።

ሃያ ሁለት ቁጥር፣ የታወቀው ወደብ፣
ሌባ ያድርበታል ዙሪያውን ሲከብ።
ዘጋሁት። ሌላ በር፣ ቁጥሩን የማልጠራው፣
ከፈትኩ በስተጓሮ፣ ሣር የጋረደው።
የይለፍ ቃል ይቅር። ቃል በወሬ ይሄዳል፣
አንዱ የልጁን ስም፣ አንዱ ዓመቱን ይጽፋል።
በቁልፍ ብቻ ይሁን፤ ቁልፉም መንታ ይወለድ፡
አንዱ ለኔ ይሰጥ፣ አገር ቢያየው ግድ
የለኝም። ሌላው ግን
የባለቤቱ ጉያ ብቻ ነው ማደሪያው፤
እኔም አላየው።
«ሥር» የሚሉትንም፣ ሁሉ የሚቻለው፣
ከሩቅ አይገባም፤ ለሱም ሕግ አለው።
የተፈቀደለትም ከደጀ ሰላሙ ላይ
ያስቀምጥ፣ ይውሰድ፤ ጓዳውን እንዳያይ።

«ሦስቴ የተሳሳተ ቀን ሙሉ ይታገድ» ብዬ ደንግጌ፣
እኔው ታገድኩበት፣ በሌላ ላፕቶፕ ልገባ ፈልጌ።
በባጃጅ፣ በዝናም፣ ከሽምብጥ መጣሁ፤
የገዛ በሬን ላስከፍት፣ እየሳቅሁ ገባሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለደሴቱ ገዳም፣
ይባቤ ዲያቆኑ ቆጥሮ ለሚደክም፣
ቅጠል በቅጠሉ የጎደለ፣ ያለ፣
የቱን አይጥ ቀመሰው፣ የቱ ተቃጠለ።
ያረመ ሰው ካለ፣ ስሙ ከነሰዓቱ
ይቀራል ከግርጌ፤ አይጠፋም ስሕተቱ።

አባ ዘወንጌል ግን፣ ለዓይን ሕክምና መጥተው፣
ከፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣
«እኛ ብራና ላይ ስንሳሳት፣ ልጄ፣
በምላጭ እንፍቃለን» አሉ እያዩ ወደ እጄ።
«ያንቺውስ ይፋቃል?» «አይፋቅም» ስላቸው፣
«ንስሐ የሌለው መዝገብ ነዋ!» መልሳቸው።

ቅዳሜ በማለዳ፣ በጀምበሩ ጀልባ፣
እምቦጭ እየገፋን ከወደቡ ስንገባ፣
ሰሌዳ አየሁ፣ ዛፍ ላይ ተቸንክሮ፡
«ሴት አትገባም» ይላል፣ ቀለሙ ተቀይሮ።
ፈቃድ ስሰፍር ከርሜ፣ «አንተ ይህን፣ አንተ ያን» ብዬ፣
ቀረሁ ከጀልባው ጫፍ እግሬን አንጠልጥዬ።
አልተናደድኩም ልል አስቤ ነበር።
ተናድጃለሁ።

ይባቤ ወረደ በድንጋዩ አልፎ፣
ላፕቶፑን በጋቢው እንደ ሕፃን አቅፎ።
ቁልፉን ራሱ ሠራ፤ መንታውን ለየው፤
አንዱን በፍላሽ ሰጠኝ፣ አንዱን ደበቀው።
«አላየሁም» አልኩት። «አላየሽም» አለ።
ውኃ በመሃላችን አንድ ክንድ ያህል አለ።

ማታ የበሩን ዱካ ከመዝገቡ ላይ ሳይ፣
ሺ ጊዜ አንኳኩተዋል ከማላውቀው ሰማይ፤
አንዱ «አለቃ ነኝ» ይላል፣ አንዱ «እንግዳ ነኝ»፤
ማንም አልገባ። ሐይቁ ላይ ጉማሬ ያጉረመረመ መሰለኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ደወል ሳይደወል፣
አንድ ቁልፍ ከፈተ፤ ደረሰ አንድ ቅጠል፡
«የኋለኛው ገጽ ነው፣ ጥጉ የተበላ፣
በቀይ የተጻፈ፣ ከዋናው የሚላላ፡
ይህን ያጻፈችው ወለተ ጽዮን ናት፣
ዋጋው አራት ላም ነው፤ አስቧት በጸሎት።»

አራት ላም! ስሟ ገብቶ ስንት ዘመን ኖሯል፤
እግሯ፣ እንደኔው እግር፣ ከወደቡ ቀርቷል
ይሆናል። ማን ያውቃል።
ይባቤ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረ፡
«እኅቴ፣ እዚህ ናት።» ሌላ አልተናገረ።

ወደ ኋላ ሄድኩኝ፣ እስከ መጀመሪያው፣
የዕቃ ቤቱ ልደት እስከተጻፈበት ሥፍራው፣
የከፈተችውን ስም ለማየት።
«ትርጎ» ይላል።
ትርንጎ ነኝ እኔ፤ ስቸኩል ያን ማታ
አንዲት ፊደል ቀርታ።
ልፍቀው ብል እችላለሁ፤ ቁልፉ ሁሉ አለኝ፤
ደሴት ያለው ቅጂ ግን አይታዘበኝ?

መብራት ሄደ። ባትሪው ሁለት ጊዜ ጮኸ።
ተውኳት፤ እንዳለች ትቀመጥ፣ ፊደሏ እንደጎደለ።