ትንሽ ወደ ግራ

በካርታው ላይ መንገዱ ጥፍር ያህል ነበር፤
ብራይስ አውራ ጣቱን ጭኖበት ሲናገር፦
«ከወንዙ አፍ ወዲያ ነው፤ ሳይመሽ እንገባለን፤
ከመብራት ማማው ሥር ሾርባ እንጠጣለን።»
አመንነው። ምን እናድርግ፤ የደከመ ሰው
«ቅርብ ነው» የሚለውን አይጠረጥረው።

የሳቤላ ተረከዝ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤
የኡሺያ ቦርሳ አንድ ማንገቻው ተበጥሷል፤
እኔም ከጠዋት ጀምሮ በጫማዬ ውስጥ
የሰበሰብኩት አሸዋ ያህላል ርስት።

በጋሊሲያ ጠረፍ ባሕር ዛፍ ሞልቷል።
እዚህስ ስሙ አይዋሽም፤ ባሕሩን ተደግፎ፣
ጨው በቅጠሉ ለብሶ፣ በጭጋግ ተንጠፍጥፎ፣
ቁልቁል ያየን ነበር።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ወንዙ አልነበረም።
ባሕሩ ገብቶበት ተንጋሎ ተኝቷል፤
የምንሻገርበት አሸዋ ጠፍቷል፤
አንድ የእንጨት ምልክት፣ አንገቱ ብቻ ቀርቶ፣
በቢጫ ቀስቱ ይመራል፣ ወደ ውሃው ዞሮ።

አንድ ሽማግሌ፣ መርፌ በጥርሱ ነክሶ፣
መረብ ይጠግናል፣ የዝናብ ካፖርት ለብሶ።
«አባት፣ መሻገሪያው የት ነው?»
ቀና ሳይል፦ «ከሥር።»
«ታዲያ መቼ ይወጣል?»
«እኩለ ሌሊት ሲሆን ይጎድላል ባሕር።
ግን በጨለማ ጭቃው ሰው አይመርጥም፤ ይውጣል።
ነገ፣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ መንገዱ ይመጣል።»

ፊርሚኖ ነው ስሙ።
«አንድ አልጋ ነው ያለኝ፤ ሚስቴ ታማበታለች።
እዚያች ውስጥ ግደሙ፤ ለአራት ትበቃለች»
አለና በአገጩ ሣሩን አሳየን።
ጀልባ ናት። ቀለሟ ተቀርፏል። ስሟን ማን ያነባል፤
ከአምስት ፊደሎቿ ሁለቱ ቀርተዋል።
ወንድሙ ኤላዲዮ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው አልተሳፈረባት።
ገመዷ ግን አዲስ ነው።
አየሁት። አልጠየቅሁም።

የበቆሎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ፣
ድንች ቀቅሎ፣ ወይን በጠርሙስ አንጠልጥሎ፣
አምጥቶ አስቀመጠና «ደህና እደሩ» ሳይል
ወደ ኮረብታው ወጣ፣ እያሳለው ቀስ ሲል።

እግርና ራስ ሆነን እንደ ሰርዲን ተኛን፤
የብራይስ ካልሲ ሽታ ዓሣ አስናፈቀን።
ሳቤላ ሳቀች። ኡሺያ ተቆጣች።
ኋላ ሁሉም ዝም አለ፤ ጨረቃ ብቻ ወጣች።

ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ። ምን እንደቀሰቀሰኝ እንጃ፤
ድምፅ አልነበረም።
ጎኔ ሥር አንዳች ነገር ቀለለ፤
እንደሚተነፍስ ሆድ ወለሉ ከፍ አለ።
እጄን በጠርዟ አሻግሬ ሰደድኩ፤
ሣር እነካለሁ ብዬ ውሃ ነካሁ።
የመስከረም ሙላት። የዓመቱ ትልቁ።
ላንቃቸው? አልኩና አፌን ከፍቼ ተውኩ።
ሦስቱ እንደተኙ፣ ሳያውቁት፣ ባሕር ላይ ነበሩ፤
ገመዱ እስከፈቀደ፣ ስንዝር በስንዝሩ።
ጀልባይቱ ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለች፣
በእንቅልፉ መሀል ጎኑን እንደሚያዞር ሰው፤
እንዲያ ጥቂት ቆይታ
ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ጠዋት ፊርሚኖ መጣ። እርጥቡን ሣር አየ፤
የገመዱን ውጥረት በጣቱ ለየ።
ሌሎቹን ዘሎ፣ እኔን፦
«ነቅተህ ነበር?»
«ነቅቼ ነበር።»
«ወዴት አጋደለች?»
«ወደ ግራ። ትንሽ።»

መርፌውን ከጥርሱ አወጣ። አልሳቀም።
«ግራኝ ነበር የሠራት። ስንት ጊዜ ነገርኩት!
አናትህ ያጋድላል፣ መዶሻህ ያጋድላል፣
እሷም ታጋድላለች አልኩት። መች ሰማኝ።»
ሲቆጣ፣ ኤላዲዮ አጠገቡ የቆመ መሰለኝ።

ለካ በየመስከረሙ ገመድ የሚቀይረው፣
ሌሊት ወርዶ ሊያያት ልቡ ስላልደፈረው።

ፀሐይ ሞቀች፤ መንገዱም እንደተባለው መጣ፤
የምልክቱ እግር ጭቃ ለብሶ ወጣ።
ጫማችንን በአንገታችን አስረን ስንሻገር
ብራይስ፣ ካርታው በእጁ፣ «ቅርብ ነው» ይል ነበር።
እኔ ከኋላቸው፣ ጭቃው ላይ ስራመድ፣
ቦርሳዬ ይሆናል፣ ወይ የወይኑ ነገር፣
ትንሽ ወደ ግራ ይለኝ ነበር መንገድ።