ደራሽ

ርዕሱ ሁለት መስመር፣ ጥራዙ ሦስት መቶ ገጽ፤
ስለ ጎርፍ፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ መንግሥት ቅርጽ።
ከደብረ ማርቆስ ወረድሁ፣ ጨሞጋን ይዤ በዳር፣
ሰባ ሁለት ጥያቄ አዝዬ፣ ከነእርሳሱ ከነደብተር።

ጥያቄ አንድ፦ «አደጋ ሲመጣ አስቀድሞ ማን ይነግራል?»
ወይዘሮ ስንዱ ሳቁ። «ወንዙ ራሱ ይናገራል።
ሌሊት ድንጋይ ሲያንከባልል፣ ውሃው አፈር አፈር ሲሸት፣
ያን ጊዜ ጮቄ ዘንቧል፤ ልጅ ከአልጋ፣ በሬ ከበረት።»
እኔ ግን ከአራት ምርጫ አንዱን መክበብ ነበረብኝ፤
«ወንዙ» የሚል የለም። «ሌላ»ን ከበብሁ፤ እርሳሱ ከበደኝ።

ቀበሌው ድምፅ ማጉያ አለው፤ ከወረዳ የተሰጠ፣
ቢጫ፣ ባለ ማንገቻ፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ፣
በቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ፣ ከማዳበሪያው ጆንያ አጠገብ።
በሩ ላይ ጓጉንቸር፤
ቁልፉ ሊቀመንበሩ አንገት ላይ፣ በክር፣ እንደ ማተብ።

የሐምሌ አቦ ማግሥት ሌሊት ሊቀመንበር አንማው አልነበረም፤
ሥልጠና ሄዷል፣ ከተማ። የሥልጠናውን ርዕስ መናገር አልፈልግም።
እሺ፣ ልናገር፦ «ቅድመ ማስጠንቀቂያ»። አበል ነበረው፣ ምሳም።

ውሃው መጣ።

ወንዙ ተናግሯል፤ የሚሰማው ግን ለዳር ሰው ነው። ከጉብታው ሥር ያሉት
አሥራ ዘጠኝ ቤት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲደልቅ፣ ምኑን ይሰሙት?
ሰባት ወንዶች መጋዘኑ ደጅ ተሰበሰቡ፣ ባትሪ ይዘው፤
«የመንግሥት ንብረት ነው» አለ አንዱ። ስድስቱ ቆሙ፣ አቀርቅረው።

(እዚህ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ነበረኝ፤ አርባ መስመር፦
ሕግ በጎርፍ ሌሊት ከማን ቤት ነው የሚያድር?)

ስንዱ ፈላስፋ አላነበቡም። መጥረቢያ ነበራቸው፤
ሦስት ጊዜ መቱት ጓጉንቸሩን፤ በአራተኛው ወደቀላቸው።
ማጉያው ድንጋይ የለውም! ከወንዶቹ ባትሪ አወጡለት፤
ብርሃኑ ጠፋ፤
ድምፅ ወጣበት።
አሥራ ዘጠኝ ቤት ሰው በእርጥብ ጋቢ ጉብታ ወጣ፤
ሁለት በሬ፣ ሦስት ጎተራ ጤፍ ውሃ በላው። ሰው ግን፣ የተጠራው ሁሉ መጣ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ቀለሙ ሐምራዊ፦
«ጓጉንቸር ሰብረዋልና ሦስት መቶ ሃያ ብር ይክፈሉ፤ ርምጃው ሕጋዊ።»
ከፈሉ። ዶሮ ሸጠው። ደረሰኙን አሳዩኝ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣
ከመሬት ደብተራቸው ጋር አንድ ላይ አኑረው።

«ተማሪው፣» አሉኝ፣ «እስኪ ይህን ጻፍልኝ። እህልስ ይቆለፋል፣
ይሁን፤ አይጡም ሌባውም ያሰጋል።
ጩኸት ላይ ምን ያስቆልፋል? ጩኸትን ማን ይሰርቃል?»

ጻፍሁት። አማካሪዬ በቀይ አሰመሩበት፦ «ገጠመኝ!
ንድፈ ሐሳቡ የታል? ይውጣ!»
ሁለት ሌሊት አየሁት፤ እጄ እንቢ አለኝ።
አርባ መስመሩን ሰረዝሁና መጥረቢያው ቀረልኝ።

በእኛ አፍ ጎርፉም ደራሽ ነው፣ ከጎርፍ የሚያወጣም ደራሽ፤
ሦስት መቶ ገጽ ለፋሁ፣
ማንኛው ይቀድማል ብዬ፣ ቃሉን ከቃሉ ስሸሽ።

ዘንድሮም ወረድሁ። አዲስ ጓጉንቸር ተገዝቷል፣ ከፊተኛው የሚከብድ።
ስንዱ ደጃፋቸው ላይ መጥረቢያ ይስላሉ።
«ለማገዶ ነው» አሉኝ፤
ጮቄ ላይ ደመናው ሲወርድ።