የርክክብ ማስታወሻ

ወንድሜ ስማቸው፣ ወንበሬን ስትወርስ፣
ዋናውን አትንካ ቅጂው ላይ ሳትጨርስ።
ሁለት ሰው ባንድ ረድፍ ከጻፈ፣ የኋላው
የፊቱን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚበላው፤
ረድፉን ቆልፈህ ስጥ።

«አስተካከልሁ» ብለህ ብቻ አትመዝግብ፤
ምኑን? ለማን? ጻፈው፣ ነገ አንተም እንድታነብ።
ቡሬ ላይ መብራቱ ስምንት ላይ ነው የሚሄድ፣
ከሰባት ወዲያ አዲስ ነገር መጫን አትውደድ።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ የበቆሎውን ሂሳብ
ዛሬም በደብተር ይደግማሉ። እንዳትስቅ።
እኔ ስቄ ነበር።
የወሩ መጨረሻ፣ አንድ ጣቴ ስታ የአርባ ማኅበር ድምር
ጠፍቶ፣ ካፈር ያነሳኝ ያ የናቅሁት ደብተር።

እሳቸው እስካሁን «መብራት ነው» ይላሉ።
መብራት አልነበረም።
አፌ እምቢ ብሎኝ ነው፤ አንተ ንገርልኝ።