የዘገየው ደወል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤
የእነሱን ግን የጎረቤት ሳቅ አውጥቶታል።
(መዝገብ የለኝም፣ ምስክርም የለኝም፤
እንዴት እንደሆነ ግን አላጣሁትም።)

በቀጰዶቅያ፣ ዓለት ተፈልፍሎ ቤት በሆነበት፣
ፕሮድሮሞስ የሚሉት አንድ ደዋይ ነበረበት።
እንቅልፍ ይወዳል። ነቅቶ ገመዱን ሲስብ
ቄሱ ጸሎት ጨርሷል፤ ወደ ቤቱ ይወርዳል ሕዝብ፤
ደወሉ ከኋላቸው ይጮኻል፣ ባዶ ዋሻ ሊቀሰቅስ።

መንደሩ ግሪክ ነው፤ አፉ ግን ቱርክኛ፤
በቱርክኛ ይጸልያል፤ በቱርክኛ ይሳደባል ቀልደኛ።
«ሳአትቺ» አሉት፤ ሰዓት ሠሪ ማለት ነው በእኛ።
ሰሙ ማዕረግ ነው፤ ወርቁ ስላቅ፤
እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ ሌላ መውጫ ስለማያውቅ።
ልጁ «ሳአትሶግሉ» ተባለ፣ የሰዓት ሠሪው ልጅ፤
ከዚያም የልጅ ልጅ፤
ቀልዱ ሞቶ ተቀበረ፤ ስሙ ቆመ በደጅ።

ሁለት መንግሥታት ተፈራርመው ሰው በሰው ሲለውጡ
ዮርዳኒስና እናቱ ከመርከብ ካቫላ ወጡ።
አንድ ጸሐፊ፣ መነጽሩ የተሰነጠቀ፣ ሳል የያዘው፣
ቀና ሳይል ስም ጠየቀ፤ ሲነግሩት አልወደደው።
«ኦግሉ» የቱርክ ነው፤ ልጅ ማለት ነው። ሰረዘው።
«ኢዲስ» የግሪክ ነው፤ ልጅ ማለት ነው። ጻፈው።
ልጅን በልጅ ለወጠ፣ በአንዲት ጠብታ ቀለም።
ሳአትሲዲስ።
መካከሉን ግን አልነካውም፤
ሰዓት፣ ሰዓት ሆኖ ቀረ።
እናትየዋ መጻፍ አታውቅም፤ አውራ ጣቷን ነክራ ተጫነች፤
ጣቷ የትኛውንም ልጅ አልጻፈ። ወረቀቱን እፍ አለች።

ዮርዳኒስ የትንባሆ ቅጠል መራጭ ነበር፤
ሰው ስሙን እየሰማ የቆመ ሰዓት ያመጣለት ጀመር።
«አልችልም» ማለት አፈረ። ማታ ማታ በኩራዝ መብራት
ፈታ፣ ገጠመ፣ አበላሸ፣ እንደገና ፈታ፣ እስኪሆንለት።
በኋላ ሱቅ ከፈተ።
ስሙ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ሰውየው ዘግይቶ ደረሰበት።

ዛሬ የልጅ ልጁ ፖሊክሴኒ ሱቁን ይዛ ተቀምጣለች፤
ባትሪ ትቀይራለች፣ የቆዳ ማሰሪያ ትበሳለች።
ግድግዳው ላይ ዐሥራ ሰባት ሰዓት ዐሥራ ሰባት ነገር ይላል።
እሑድ ጠዋት ደወል ሰምታ ትገላበጣለች፤
ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ሰው ሲወጣ ታገኛለች።
«ሰዓት ሠሪዋ መጣች!» ይላል አንዱ በስላቅ፤
እሷም አብራቸው ትስቃለች፣
ሳቁን ከማን እንደወረሰች ሳታውቅ።